ሁለቴ የሚጠራው

የቺጉሳ እንጀራ ሰውን ማስፈራራት ነው። በየሳምንቱ በሚወጣ መጽሔት ላይ ማንጋ ትሥላለች፤ የቶኪዮ ሰው በባቡር ተጋፍቶ ቆሞ፣ ምሳውን እየጎረሰ የሚያነበውን የሥዕል ታሪክ። እሷ ራሷ ግን ለጉድ ፈሪ ናት። ፊቷን ስትታጠብ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ነው። ፍርሃቱን ከእናቷ ወረሰችው፤ ታሪኩንም ከእናቷ።

እናቷ ቶሜ በሰሜን፣ በረዶው ጣራ ድረስ በሚቆለልበት የተራራ መንደር ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ መንደር ሰው ሰውን አንዴ ብቻ አይጠራም። ጎረቤት ደጅ ቆሞ «ቶሜ! ቶሜ!» ይላል እንጂ «ቶሜ!» ብሎ ዝም አይልም። አንዴ ብቻ የሚጠራው ከጥዱ ጫካ ያለው ነገር ነው። የዘመድ ድምፅ አስመስሎ ይጠራል፤ ለሁለተኛው ግን ትንፋሹ አይበቃውም። «አቤት» ብሎ የወጣለትን ሰው ይዞት ይሄዳል፤ በረዶው ሲቀልጥ የሚገኘው ጫማው ብቻ ነው። ቺጉሳ ትንሽ ልጅ ሳለች ከጓሮ በኩል «ቺጉሳ!» የሚል የአባቷን ድምፅ ሰምታ ብድግ ልትል ስትል፣ እናቷ አፏን አፍና ይዛ አስቀረቻት። አባቷ ያን ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሾርባውን እየጠጣ ነበር።

ይህንን ነው እንግዲህ ወደ ከተማ ያመጣችው። ጫካውን ነቅላ በምትኩ ረጅም ፎቅ ቤት ተከለች፤ ጥዶቹን መብራታቸው የሚርገበገብ ኮሪደሮች አደረገቻቸው። ጥሪው በበር ደወሉ መነጋገሪያ በኩል ይመጣል። ዩካ የምትባል ብቸኛ የሱቅ ሠራተኛ የእህቷን ድምፅ ትሰማለች፤ በትንሿ ስክሪን ላይ ስታይ ኮሪደሩ ባዶ ነው። የቺጉሳ ብልሃት ከጥሪው ቀጥሎ ያለውን የሥዕል ሳጥን ባዶውን መተው ነበር። ቃል የለ፣ መስመር የለ፤ ነጭ ወረቀት ብቻ። አንባቢው ገጹን ሊገልጥ ጣቱን ዘርግቶ ሁለተኛውን ጥሪ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው አይመጣም።

ሰው ወደደው፤ ከዚያ ደግሞ ለመደው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ኩራሞቺ፣ ክራባቱ ሁልጊዜ የተንጋደደ ሰው፣ ቢሮው አስጠራት።

«መምህር፣ አንባቢው ሕጉን ሸምድዶታል» አላት፤ ሠዓሊን «መምህር» ብሎ መጥራት የሙያው ወግ ነው። «አንዴ ሲጠራ አትክፈት፣ ሁለቴ ሲጠራ ክፈት። ይሄ እኮ የመንገድ መብራት ሆነ! የመንገድ መብራት ፈርቶ የሚጮህ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ጠሪው ይማራ!»

«ምኑን?»

«ሁለቴ መጥራቱን።»

ቺጉሳ ልትስቅ ሞከረች። «እናቴ ይህን ብትሰማ በመጥረጊያ ነው የምታባርርዎት።»

«እሰየው! እናትዎን ካስቆጣ አንባቢውንማ እንቅልፍ ይነሳዋል። ይሣሉት።»

ሣለችው። ሥራው ግሩም ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ዩካ በሩ ሥር ተኮራምታለች። አንድ ጥሪ፤ ከዚያ ባዶው ሳጥን። ገጹ ሲገለጥ «ዩካ» የሚለው ቃል እንደገና አለ፤ ፊደሎቹ መናገር ገና እንደሚለማመድ ሰው አፍ ጠመም ብለዋል። ዩካ «ሁለቴ ጠራችኝ፣ እህቴ ናት» ብላ መቀርቀሪያውን ትስባለች። ቺጉሳ ቀለሙ ሲደርቅ ገጹን በጨርቅ ሸፈነችው። የገዛ እጇ ሥራ አስፈራት። መጽሔቱ ግን በወጣበት ቀን ከየመደርደሪያው አለቀ፤ እሷም ደስ አላት፣ ፈጽማ ደስ አላት።

አንዲት አንባቢን ግን ዘንግታ ነበር። የቶሜ ልብ ማርጀት ከጀመረ ቆይቷል። ድስቱን ጨው ጨምራበት መልሳ ትጨምርበታለች፤ የሞተ ባሏን ለእራት ትጠብቃለች። አንድ የማይጠፋት ነገር የጥሪው ሕግ ነበር፤ ቤቱ በምሰሶው እንደሚቆም እሷም በሱ ነበር የቆመችው። የልጇን መጽሔት ጎረቤቷ ሳኩጂ ከምድጃው ነጭ ጋዝ ጋር ያመጣላታል፤ መነጽሯን አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ታነበዋለች። ለሌላው ልብ ወለድ ነው። ለቶሜ ግን ልጇ ከከተማ የምትልክላት ወሬ ነው፤ መጀመሪያ የነገረቻት ራሷ አይደለች?

ቺጉሳ እንደ ልማዷ ስልክ ደወለች።

«እማዬ! እማዬ!»

የሰው ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ብትደውል የሚያነሳ ጠፋ። በነጋታው የደወለው ሳኩጂ ነበር።

«ቺጉሳ! ቺጉሳ! ሳኩጂ ነኝ።»

«አጎቴ! ምን ሆናችሁ?»

«እኛማ ምን እንሆናለን፤ ይልቅ አንቺ ምን አደረግሽ? እናትሽ በር አልከፍትም አለች። ያመጣሁላት ጋዝ ደጅ ላይ በረዶ ለብሷል። ‹ቶሜ! ቶሜ!› ብላት ‹ሂድ አንተ ርኩስ! ሁለቴ መጥራት መማርህን ልጄ ጽፋልኛለች› አትለኝም? እኔን! ሠርጓ ላይ የጨፈርኩትን ሰውዬ!»

«በሩን ስበረዋ!»

«ልሰብረው ብዬ በመስኮት ባይ ማጭድ ይዛለች። እኔ ላይ ቢሆን ግድ የለኝም፤ የራሷ አንገት ላይ ነው የደገነችው። ልጄ፣ ቶሎ ነይ። ምድጃዋ ጠፍቷል።»

ቺጉሳ በባቡር ሰሜን ደርሳ ከጣቢያው በሳኩጂ ትንሽ የጭነት መኪና መንደሩ ስትገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ነው፤ ጓሮው የጥዱ ጫካ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነገር የለም። ቺጉሳ በረዶውን እየጣሰች በሩ ድረስ ሄደችና አፏ በለመደው ጮኸች።

«እማዬ! እማዬ!»

ሁለተኛውን ካለችው በኋላ ነው የደነገጠችው። ከውስጥ የሻከረ ድምፅ መለሰላት።

«ድምፁ የልጄ ነው። ደህና አድርገሽ ሰርቀሽባታል።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ! ያ የጻፍኩት ውሸት ነው። መጽሔቱ እንዲሸጥ ብዬ እኔው ፈጠርኩት።»

«የኔ ልጅ አትዋሽም።»

«አንቺ ቶሜ!» አለ ሳኩጂ። «ምን ነካሽ? ብርዱ ይገድልሻል እኮ!»

«ይግደለኛ! በብርድ የሞተ ቢያንስ ይቀበራል።»

ሳኩጂ ባርኔጣውን አወለቀና ፊቱን ጠረገበት። ቺጉሳ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ በእርጋታ ለመናገር ሞከረች።

«እሺ፣ ልጅሽ ብትመጣ በምን ታውቂያታለሽ?»

እናትየው ነገሩን ለሕፃን እንደምታስረዳ ለስለስ ብላ ተናገረች።

«አንዴ ትጠራኛለቻ! እናንተ ሁለቴውን ከወሰዳችሁብን፣ ለእኛ የቀረችን አንዷ ናት። ልጄ ብልህ ናት፣ ታውቃለች።»

ቺጉሳ ገና ሳትመልስ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጫካው በኩል ጥሪ መጣ።

«እማዬ!»

የራሷ ድምፅ ነበር። ሳኩጂ ዞሮ አፏን አየ። አፏ ተዘግቷል። ሁለቱም ሁለተኛውን ጠበቁ፤ አልመጣም።

ከውስጥ ማጭዱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። «አቤት! አቤት ልጄ! መጣሁ፣ መጣሁልሽ!» የቶሜ ድምፅ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጓሮው በር ሲንሸራተት ሰሙ።

ቺጉሳ እስከ ታፋዋ በሚውጥ በረዶ ቤቱን ዞረች። ሩጫዋ ሩጫ አልነበረም፤ በሕልም እንደሚሮጡት ነበር። እናቷ በባዶ እግሯ፣ በስስ የቤት ልብስ፣ ግቢውን አልፋ ወደ ጥዶቹ እየሄደች ነው። እጇን ዘርግታለች። ትስቃለች። በጥዶቹ መካከል ጨለማ እንጂ የሚታይ ነገር የለም፤ ቺጉሳ ደግሞ እዚያ ላለማየት ዓይኗን እናቷ ጀርባ ላይ ተክላ ነበር። ደርሳ ከወገቧ ያዘቻት።

ቶሜ ዞራ ስታያት የጮኸችው ጩኸት ከሰው አፍ የሚወጣ አይመስልም ነበር። ቧጨረቻት፤ ነከሰቻት። «ልጄ! ያዘችኝ! ልጄ ድረሽልኝ!» ትላለች ወደ ጫካው። ሳኩጂ ደርሶ እግሯን አነሳ፤ ሽማግሌው ፊቱን ወደ ጥዶቹ ላለማዞር አንገቱን ሰብሮ ነበር የተሸከማት። ደፉን ሲረግጡ ከኋላቸው እንደገና «እማዬ!» አለ። አልቸኮለም፣ አልተቆጣም። ቺጉሳ ልጅ ሳለች ርቧት እናቷን ስትጠራበት የነበረውን ድምፅ ይመስላል።

በሩን ዘጉ፤ ሳኩጂ ጋዙን አምጥቶ ምድጃውን ለኮሰ። ቺጉሳ የእናቷን እግር በብርድ ልብስ ጠቅልላ በእጇ ታሸው ጀመር። እግሩ ደንጊያ ሆኗል።

«ቶሜ፣ ኧረ እያት እንጂ!» አለ ሳኩጂ እንባው እየወረደ። «ቺጉሳ ናት እኮ፣ የሆድሽ ልጅ!»

ቶሜ አላየቻትም። ትንሽ ስትሞቅ ግን ተረጋጋች። ከቺጉሳ እጅ እግሯን ቀስ አድርጋ ሳበች፤ ተንበርክካ ሁለት መዳፏን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ፣ ትልቅ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ግንባሯን ዝቅ አደረገች።

«እኔን እንግዲህ ይዘውኛል» አለች። «አሮጊት ነኝ፣ ሥጋዬም የሚያጠግብ አይደለም፤ ቢሆንም እሺ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ልጅ አለችኝ። አሁን እዚያ ውጭ በብርድ ቆማ እየጠራችኝ ነው። እሷን አይንኩብኝ። ሥራ አላት፣ ትሥላለች።»

ቺጉሳ «እማዬ» ልትል አፏን ከፈተች። ስንት ጊዜ ማለት እንዳለባት ግን አላወቀችም።