የዘጠኝ ሰዓቱ ቧንቧ

በኮኪት ከተማ ሰው ተጋድሞ የሚታጠብበት ባኞ በቤታቸው ያላቸው መምህር እንግዳው ብቻ ነበሩ። ባኞውን ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ያስመጡት ከርእሰ መምህርነት በጡረታ በተሰናበቱበት ዓመት ነው። ሁለት መክፈቻ አለው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ቆላው ይህን ልዩነት አይቀበልም። ውኃው ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ ስለሚወርድ በየትኛውም ቢከፈት ፍል ነው።

ሮቶው የአሥራ አንድ አባወራ የጋራ ንብረት ሲሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ቦቴ ይሞላዋል። የውኃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር መምህሩ ናቸው። በመጋቢት ሙቀቱ ሲበረታ በገዛ እጃቸው ደንብ ጽፈው ለጠፉ፤ ለአንድ ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን፣ ገላ በሳፋ፣ በባኞ መታጠብ ፍጹም ክልክል። የመጨረሻው አንቀጽ ከእሳቸው በቀር የሚመለከተው ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ደንብ የተሟላ መሆን አለበት ብለው ያምኑ ነበር።

ደንቡ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ በሙቀት ተረትቶ በተኛበት ባኞውን ሞሉ። የጀርባ ሕመማቸው ለብቻው የሚታይ ጉዳይ መሆኑን ለራሳቸው አስረድተው ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሲታጠቡ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

ሳምንት እንዲበቃ የታሰበው ውኃ ግን በአምስተኛው ቀን ያልቅ ጀመር። የአንድ ሰው ገላ ይህን ያህል እንደማይጠጣ መምህሩ አረጋገጡ። ስለዚህ ለእርሻ ምንጣሮ ከጎጃም መጥተው ከሰፈሩ ማዶ ዳስ ጥለው የሚያድሩትንና ከጋራው ቧንቧ በቀን ሁለት ጀሪካን የተፈቀደላቸውን ስምንት ሠራተኞች ጠረጠሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩን በጋራው ቧንቧ ዙሪያ ሰብስበው፣ ሠራተኞቹ በስውር ውኃ እንደሚሰርቁ ተናገሩ፤ ከቧንቧውም አገዷቸው። የሠራተኞቹ አለቃ ባየልኝ ባዶ ጀሪካኖቹን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎቹ ከሥራ መልስ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ይወርዳሉ። ሁለቱ የወንዙ ውኃ አልስማማ ብሏቸው በተቅማጥ ተኝተዋል።

መምህሩን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሰማያዊው መክፈቻ ሲዞር፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደያዘ የጭነት መኪና ይጮሃል። ጎረቤት ይሰማል ብለው ፈሩ፤ መታጠቡን ከመተውም መክፈቻውን መጠገን መረጡ።

በመጀመሪያ የሰሊጥ ዘይት አንጠባጠቡበት። ጩኸቱ ለአንድ ቀን ረገብ አለ። በማግስቱ ዘይቱ እንደ ሙጫ ተጣብቆ፣ ጉንዳን ከመስኮቱ እስከ መክፈቻው ተሰልፎ ጠበቃቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰበች ሰልፉን አይተው፣ ጉንዳኖቹስ በግልጽ መምጣታቸውን ተናግረው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ሥራውን በሥርዓቱ ያዙት። ከሮቶው ሥር ያለውን ዋናውን ቫልቭ ዘጉ። የመክፈቻውን ክዳን በቢላ ጫፍ አንሥተው፣ ብሎኑን በካቻቪቴ ፈትተው፣ ውስጡን በመፍቻ አወጡ። ጥርሱ ከውኃው በተጋገረ ጨው ነጭ ሆኗል፤ ውኃ የሚያቆመው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውም፣ ተሰንጥቋል። ጨዉን በሎሚ ፈትገው፣ ጎሚኒውን ቀይረው፣ ከአንድ የትራክተር ሾፌር የለመኑትን ግሪስ ሊቀቡ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።

ጎረቤታቸው ሰርካለም ናት፤ ባዶ በርሚል እያንከባለለች መጥታለች።

«መምህር፣ ዛሬ አይታጠቡም እንዴ?»

መምህሩ ግሪስ የነካ ጣታቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ሰርካለም በትከሻቸው በኩል አሻግራ፣ ጋዜጣ ላይ የተዘረገፈውን መክፈቻ አየች።

«ሊያስተካክሉት ነው? ተዉት እባክዎ፤ እኛ የምንተዳደረው በእሱ ነው።»

ከዚያ ያለ አንዳች እፍረት አስረዳቻቸው። ከመጋቢት ጀምሮ መክፈቻው ሲጮህ አሥሩም ቤት የየግቢውን ቧንቧ ይከፍታል፤ በርሚል ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ልጆች ይነከራሉ። ጩኸቱ ሲደገም ሁሉም ይዘጋል።

«ሊቀ መንበሩ ሲከፍቱ ደንቡ ለጊዜው ተነሥቷል ብለን ነው እኛማ። ከእርስዎ በላይ ደንቡን የሚያውቅ ማን አለ?»

ይህን የተናገረችው በፍጹም አክብሮት ነበር። መምህሩ ለመቆጣት አመቺ ቦታ ፈልገው አጡ።

«ሠራተኞቹስ?» አሉ በመጨረሻ።

«እነሱማ ማዶ ናቸው፤ የእርስዎ ቧንቧ እዚያ ድረስ የት ይሰማል። የታዘዘላቸውን ሁለት ጀሪካን ይቀዱ ነበር፣ በቃ።»

መምህሩ ወደ ባኞው ተመለሱ። ግሪሱን ቀቡ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ ወጥተው ቫልቩን ከፈቱ፣ መክፈቻውን ሞከሩ። ድምፅ የለውም። ሰርካለም ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ ጎረቤቶቹ ከእንግዲህ መክፈቻው መከፈቱን በምን እንደሚያውቁ ጠየቀች። መምህሩ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ማዶ ተሻገሩ።

ባየልኝ ሕመምተኞቹን ለማስታመም ከሥራ ቀርቶ፣ ከዳሱ ጥላ ሥር ገጀራ ይስላል። ሁለቱ ሕመምተኞች ከጀርባው ተጋድመዋል። መምህሩ ተቀመጡ ሳይባሉ እንደቆሙ ተናገሩ።

«ውኃውን የጨረስነው እኛ ነን። የጀመርሁትም እኔ ነኝ።»

ባየልኝ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

«ሌባ ያሉን በሰው ፊት ነው፣ ጌታው።»

«በሰው ፊት እናገራለሁ።»

«መቼ?»

እሑድ ሊሉ አሰቡ፤ ለእሑድ ገና አራት ቀን ቀርቷል። አንደኛው ሕመምተኛ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አሁን» አሉ።

ባየልኝ ገጀራውን አስቀምጦ ጀሪካኖቹን ሰበሰበ። ሁለቱን መምህሩ አነሡ። ሰፈር ሲደርሱ ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ በርሚል አቁሞ ጩኸቱን ይጠብቃል። ሰርካለም ማን ከማን ጋር እንደሚመጣ ባየች ጊዜ በርሚሏን ቀስ ብላ ወደ ግቢዋ ማንከባለል ጀመረች።

መምህሩ ጀሪካኖቹን ከጋራው ቧንቧ ሥር አኖሩ።

«ተዪው እሱን፣ ሰርካለም፤» አሉ፤ «አንቺም የምትሰሚው ነገር ነው።»