የጋሽ ደምሴ ጉራ

እድላዊት ዲቪ ደርሷት ኦክላንድ ከገባች አምስት ወሯ ነው። በእነዚህ ወራት አንጀቷን ያሳረሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሥራ ማጣትና የጋሽ ደምሴ ጉራ።

ጋሽ ደምሴ የእናቷ ያክስት ልጅ ናቸው። ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለችው ጠባብ አፓርታማቸው ሳሎኑን ለቀውላታል። ሥራቸው ታክሲ መንዳት ነው። እሳቸውን ከሰሙ ግን ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ረጅም ድልድይ በጭጋግ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያቋርጡታል፤ በሱዳን በረሃ ሲሰደዱ ጅቡ እንኳ አይቷቸው መንገድ ለቋል። ጓደኞቻቸው «ደምሴ ጉራው» ነው የሚሏቸው።

በእድላዊት ቤት ይህ ቃል የሳቅ ቃል አልነበረም። ልጅ ሆና «አንደኛ ወጣሁ!» እያለች እየሮጠች ስትገባ እናቷ «ጉራሽን እዚያው!» ትላት ነበር። እንግዳ ስለ ትምህርቷ ከጠየቀ መልሱ «ምንም አትል» ነው። በኬሚስትሪ በማዕረግ ስትመረቅም ለጎረቤት የተነገረው «እንግዲህ ጨረሰች» ብቻ ነበር።

ይህን አስተዳደጓን ይዛ ኤል ሴሪቶ ከተማ ለላብራቶሪ ሥራ ኢንተርቪው ገባች። ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሏት «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» አለች። የላብራቶሪ መሣሪያ ትችያለሽ ወይ ሲሏት «ያን ያህል እንኳ አይደለም» አለች፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ሰዎቹም ቃሏን አመኗት። ሥራው ለሌላ ተሰጠ።

አሁን የቀራት አንድ ሳንሆዜ ያለ የውሃ መመርመሪያ ላብራቶሪ ነው። እሱም ካመለጣት ሰኞ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ካሸር ሆና ትጀምራለች። ከዚያች የካሸር ሳጥን ወጥቶ ወደ ኬሚስትሪ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየችም።

በቀጠሮው ጠዋት ጋሽ ደምሴ «እኔው አደርስሻለሁ» አሉ። ኤይት ኤይቲ ፍሪዌይ ላይ እንደወጡ፣ «በይ ፕራክቲስ እናድርግ። ስለ ራስሽ ንገሪኝ» አሏት።

«ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ።»

«እሱንማ ወረቀቱም ይናገራል። ምን ሠራሽ?»

«የአቃቂን ወንዝ ውሃ መርምሬያለሁ። ያው የተማሪ ሥራ ነው።»

«‹ያው›ን መስኮቱን ክፈችና ጣያት! ስንት ጊዜ ቀዳሽ?»

«በየሳምንቱ፣ ስምንት ወር።»

«ክረምቱንም?»

«ክረምቱንም። አንዴ ጎርፍ ጫማዬን ወስዶታል።»

«መሣሪያው ሲበላሽስ?»

«እኔ ነኝ የምጠግነው። ከእኔ ሌላ የሚችለው አልነበረም።» ይህን ብላ ደነገጠች። «አየሽ እንግዲህ፣ ጉራ ሆነ!» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ።

«ውሸት ነው?»

«አይደለም!»

«ታዲያ ምኑ ነው ጉራ? ጉራማ የኔ ነው። ጅቡ መንገድ የለቀቀልኝ መሰለሽ? ዛፍ ላይ ወጥቼ ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ጉራ የሌለሽን መጨመር ነው። ያለሽን መናገር ምስክርነት ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ይጨምራሉ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብለሽ እውነቱን ብቻ አውሪ እስቲ!»

ኢንተርቪው ላይ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ጠገነችው መሣሪያ አንድ በአንድ ተናገረች። ሐሙስ ደውለው ተቀብለንሻል አሏት።

ወዲያው አውቶብስ ይዛ ጋሽ ደምሴ ተራ ወደሚጠብቁበት ኤርፖርት ሄደች። ሾፌሮቹ አንድ ታክሲ ከበው ካርታ ይጫወታሉ። ወሬውን ስታበስር ክንፉ የሚባለው ሾፌር ቀደመ።

«ደምሴ፣ በል እንግዲህ፣ ኬሚስትሪውንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ በላ!»

«ሌላ ማን አላት?» አሉ ጋሽ ደምሴ ደረታቸውን ነፍተው። ሁሉም ሳቁ።

ባለፈው ሳምንት ቢሆን እድላዊት በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት ያላስተማረኝን በአንድ ጉዞ አስተምረውኛል። ሥራቸውን ትተው ሳንሆዜ ወሰዱኝ፤ እስክወጣም ሦስት ሰዓት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይህን ነግረዋችኋል?»

ሾፌሮቹ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። አልነገሯቸውም ነበር።

ጋሽ ደምሴ አቀርቅረው የያዙትን ካርታ አዩ። «ኧረ ተይ እድልዬ» አሉ፣ «ያው… መንገዴም ነበር።»

«‹ያው›ን በመስኮት ይጣሏት፣ ጋሼ» አለች።