የሊቁ ቡና መፍጫ

የእህቴን ባል በልቤ «ሊቁ» እለዋለሁ። ፊት ለፊት አልለውም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው እነሱ ጋ ነው፣ ከሰው ቤት ተቀምጦ ደግሞ በአባወራው ላይ መቀለድ አያምርም። ሊቅነቱ በምን እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ በቡና። ያውም በመትከል ወይም በመሸጥ አይደለም። በመፍጨት ነው።

የኤሌክትሪክ መፍጫውን የገዛ ዕለት ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ፍሬውን በሚዛን ይለካል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ቁልፉን ይጫናል። መፍጫው ጮሆ ጮሆ ሲያበቃ ክዳኑን ይከፍታል፤ ጉዱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ዱቄቱ ወደ ኩባያው በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ ይዘላል። ገለፈቱ እየበረረ ግድግዳው ላይ፣ የዳቦ ቢላዋው ላይ፣ የስኳር ዕቃው ላይ፣ የራሱ የሊቁ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ይለጠፋል። በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት ይባስ ይጣበቃል።

«ስታቲክ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ፣ እሱ የፈለሰፈው ይመስል። «ፍሬው ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ፊዚክስ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል?»

ይህን ብሎ ኩባያውን ይዞ ሶፋው ላይ ይሰየማል። ፊዚክሱን የምትጠርገው እህቴ ናት።

እህቴ የሙሽራ ቬሎ ሰፊ ናት። የምትሠራው ከኩሽናው ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ደህና ሆኖ የሚታየው በቀን ብርሃን ብቻ ነው፣ በዚያ ቤት ደግሞ ብርሃን የሚባል ነገር የሚገባው በዚያ መስኮት ነው። ግን ወደ መስኮቱ ከመድረሷ በፊት ኩሽናውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ደግማ ትታጠባለች፣ ጥፍሯ ሥር ቡና አለመቅረቱን ታያለች። ጥሩው ብርሃን በዚሁ ያልፋል። ሊቁን ስለዚህ ብትጠይቁት ስለ ፍሬው መዓዛ ይነግራችኋል።

የባሰ አታምጣ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ሐሳብ አመጣ።

«የኔ ቆንጆ፣ የሚያስቸግረን እኮ የኩሽናው ጥበት ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ብትለቂልኝ ዕቃዬን በሙሉ እዚያ አደርጋለሁ። አንቺም ትገላገያለሽ።»

«የስፌት መኪናዬስ?»

«ኮሪደሩ ላይ ነዋ። አምፖል እናበራልሻለን።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው እንዲህ ያላት። ለብቻዋ ሳገኛት «እሺ እንዳትዪው» አልኳት።

«እትዬ፣ ደክሞኛል» አለችኝ። «ስታቲኩ የሱ ጥፋት አይደለም። ቦታ ከሰጠሁት ቢያንስ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል።»

ኮሪደሩ ውስጥ ቬሎ እንደማይሰፋ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሥራዋን ልትተው ነበር፣ ለአንድ ቡና መፍጫ። ቅዳሜ ጠረጴዛውን ልታስረክበው ተስማሙ።

ቅዳሜ ሊቁ ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹን ጋበዘ፤ ጠረጴዛውን ሊያስመርቅ መሰለኝ። እነሱ ሲደርሱ ገና ምንም አልተነሳም ነበር። ሊቁ ኩሽና አስገብቷቸው ፍሬውን መለካት ጀመረ። እኔ ጥግ ላይ ድንች እልጣለሁ፣ እህቴ እንደ ልማዷ እርጥብ ጨርቋን ይዛ በሩ ጋ ቆማለች። ያኔ ሊቁ ከዚያ በፊት ሲያደርግ አይተነው የማናውቀውን ነገር አደረገ። የማንኪያ እጀታ ከቧንቧው ሥር አርጥቦ ፍሬውን አማሰለበትና ቁልፉን ተጫነ። ክዳኑን ሲከፍት ዱቄቱ ጨዋ ሆኖ ኩባያው ውስጥ ወረደ። አንዲት ገለፈት እንኳ አልበረረችም።

«እንዴ!» አለ አንደኛው፣ ወፍራሙ ሒሳብ ሠራተኛ። «እኔ ቤትማ ከመበተኑ የተነሳ ሚስቴ ከነመፍጫዬ ልታባርረኝ ነው።»

«ጠብታ ውሃ ናት ዘዴዋ» አለ ሊቁ አፉን ሞልቶ። «ፍሬው ትንሽ ከረጠበ ስታቲክ የሚባል የለም። የገዛሁ ዕለት ሻጩ ነው የነገረኝ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለህ?»

«ኧረ ማን ይለፋል! እንግዳ ሲመጣ ነው እንጂ። ሌላ ጊዜ ምን ቸገረኝ፣ ይጠረግ የለ?»

«ይጠረግ የለ» አለ፤ ማን እንደሚጠርገው እንኳ አልጠራም። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች» ይባላል። እሷስ ቢያንስ አጥባለች። ይሄ ምን አጥቦ ያውቃል?

«ታውቅ ነበር?» አለች እህቴ ከበሩ።

«ምኑን?»

«እስከ ዛሬ ስጠርግ።»

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ! የማንኪያ ነገር እኮ ነው» አለ፣ ወደ እንግዶቹ እየሳቀ።

«እኮ፣ የማንኪያ ነገር» አለች።

ጨርቁን አጣጥፋ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ክፍሏ ገባች። ወዲያው የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማ። እንግዶቹ ቡናቸውን ቶሎ ጠጥተው ሄዱ። ሊቁ ወደኔ ዞሮ «እትዬ፣ ጠረጴዛው ዛሬ ይነሳል አልተባባልንም እንዴ?» አለኝ።

«ብርሃን ላይ ናት፣ አትረብሻት» አልኩት። እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተናገርኩት የለም።

እሑድ መፍጫው ጮኸ፣ ዱቄቱ በረረ። «ጨርቁ የታለ?» እያለ ተጣራ። አጠገቤ ነበር፤ አላቀበልኩትም። እህቴም ከመስኮቷ አልተነሳችም። የተበተነው እንደተበተነ አደረ። ሰኞ ማለዳ እዚያው ላይ ሌላ በትኖ፣ የነጭ ሸሚዙ እጅጌ ቡና እንደነካ መሥሪያ ቤት ሄደ።

ማክሰኞ ከመፍጫው በፊት የቧንቧ ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ብዬ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ የማንኪያውን እጀታ ያረጥባል። እንግዳ አልነበረንም።