ያጠኑ ምስክሮች

"አራቱን ምስክሮች አልጠራቸውም፣ እትዬ አበራሽ" አለች ጠበቃዋ ሎዛ፣ ኮምፒውተሯን ወደ አሮጊቷ እያዞረች።

አበራሽ ማንበብ አትችልም። ቢሆንም አራት ቀይ መስመር አየች፤ ቀይ ደግሞ በማንም አገር ደግ ወሬ ይዞ መጥቶ አያውቅም።

"ምን አጠፉ?"

"ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር አለ። የምስክሮቹን ቃል፣ የመጋዘኑን ወረቀት፣ ፎቶውን ሁሉ ሰጠሁት። በሰውና በሰዓት ለይቶ ደረደረልኝ። የአራቱ ቃል አንድ ነው።"

"ታዲያ እሰየው! ምስክር አንድ ቃል ካልሆነ ምኑን ምስክር ሆነ?"

ልጇ ምንይሉ ሶማሌ ተራ ተሸካሚ ነበር። በምሳ ሰዓት ከመጋዘን አንድ ቦንዳ ልብስ ጠፋ ተብሎ ከታሰረ አራት ወሩ ነው። የመከላከያ ምስክር የሚሰማው ከነገ ወዲያ ነው። አበራሽ አሮጌ ጆንያ እየሰፋች ያሳደገችው እሱን ብቻ ነው። መርካቶ ደግሞ አንድ ነገር አስተምራታለች፤ ለየብቻው ያወራ ይሸነፋል። ስለዚህ ተሸካሚዎቹን ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሰበሰበች። የጆንያ መስፊያ ወስፌዋን እንደ የኔታ አርጩሜ ይዛ ቃሉን አስጠናቻቸው። የተንተባተበውን አስደገመችው።

"'ዓይናችን ከእሱ ላይ አልተነቀለም'" ብላ አነበበች ሎዛ። "አራቱም እንዲህ ነው ያሉት። መጀመሪያ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት፤ ቢሮዬ የመጡ ቀን ድምፅዎን ቀድቼዋለሁ። ማሽኑ የእርስዎን ስም ከላይ አስቀምጦ እነሱን ከሥር አሰለፋቸው።"

አበራሽ ነጠላዋን ሳበች። ፊደል ሳትቆጥር ሰባ ዓመት የኖረች ሴት፣ ዛሬ በአንድ ቆርቆሮ ተነበበች።

"ይኼ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አራቱም በዚያው ሰዓት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አይሱዙ መኪና ሲያራግፉ ፈርመዋል። ወረቀቱ ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው መሀል ነው። ማሽኑ ከቃላቸው ጎን አምጥቶ አስቀመጠው። ዳኛ ፊት ቢቆሙ በሐሰት ምስክርነት እስር ቤት ምንይሉ አጠገብ ነው የሚገቡት።"

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ሰምቼ ነበር። የኔ ድር ዞሮ ልጄን አሰረ በይኛ!"

"አንድ ሰው ቀርቷል። ሶሬሳ።"

"ያ ጎልዳፋ? 'አላውቅም፣ አላውቅም' ሲልብኝ አባረርኩት እኮ። ባዶ ጆንያ ብዬዋለሁ፣ ያውም በሰው ፊት!"

"ከዚያ በኋላ ብቻውን እኔ ጋ መጣ። ማንም ያላስጠናው እሱ ነው። በዚያ ምሳ ሰዓት ምንይሉ አጠገቤ ተኝቶ ነበር ይላል። አንዴ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሣ፣ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም ይላል።"

"ውሃዋ ልጄን ታስወጣዋለች ወይስ ታስቀረዋለች?"

"እሱን እኔም አላውቅም፤ ማሽኑም አያውቅም።"

"ወይ ጉድ! የኔን አፍ ሲያውቅ ጊዜማ አንደኛ ነበር!"

ጉልበቷን እያማረረች ደረጃውን ወረደች። ሶሬሳን ሶማሌ ተራ፣ የተቆለፈ ሱቅ በር ላይ መሸከሚያ ጨርቁን አንጥፎ ተቀምጦ አገኘችው። ሰድባው እንኳ ብድግ አለላት። እሱ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

"ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ትመጣለህ?" አለችው። ይቅርታ ማለት አታውቅበትም።

"ባዶ ጆንያ ዳኛ ፊት ይቆማል እንዴ፣ እትዬ?"

"ምላስህስ ተፈታ! ያኔ የት ሸሽገኸው ነበር?"

ሶሬሳ ሳቀ። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እመጣለሁ። ግን እትዬ፣ ለምንይሉ ስል ያቺን ውሃ ልተዋት?"

አበራሽ አራት ወር ሙሉ ስንቅ ስታመላልስ፣ ያን ቀን የት ነበርክ ብላ ልጇን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቃው አታውቅም። ለተሸካሚዎቹ መልስ ያስጠናችው፣ እሱን መጠየቅ ፈርታ ነው። 'ተዋት' የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። አንድ ቃል ናት፤ ሶሬሳ ደግሞ እሺ ባይ ነው።

ዋጠችው። እንደ ኮሶ መረራት።

"ውሃዋንም ተናገር" አለችው። "ምን ያህል ቆየ ካሉህ ደግሞ፣ አላውቅም በል።"