በአሜን የጸደቀ ስክሪን

ጥሩብርሃን ሰኞ ጠዋት ከየካ ቁልቁል በእግሯ ወርዳ፣ ቀበና ካለው የቤተ ክርስቲያናቸው ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ነጭ ብርሃን ዓይኗን ወጋት። የለመደችው የስክሪኑ ጥቁር መደብ የለም። ቡጢ የሚያካክሉት ቢጫ ፊደላት ጠፍተው፣ በምትካቸው እንደ ጤፍ የደቀቁ ምልክቶች ተደርድረዋል። ልትመልሰው ብትሞክር የይለፍ ቃል ጠየቃት። ደሟ ፈላ።

ዓይኗ ከታመመ ወዲህ የእሁዱን ፕሮግራምና መዝሙር በገዛ እጇ የምትጽፈው በዚያ ጥቁር መደብ ነበር። ሶፍትዌሩ እንደሆነ በነጻ የተሰጠ፣ ማንም እንደሚመቸው ይለውጠው ተብሎ የተሠራ ነው። እሷም ስትነካካው ከርማ ለዓይኗ ልክ አድርጋዋለች። ይህን ያፈረሰባት የኮምፒውተር ኃላፊው ሚልኬሳ ነው።

ጠርታ ስትጠይቀው አላፈረም። እሱ እንደሚለው፣ የቢሮው ዴስክቶፕ ሁሉ የየራሱ መልክ ስላለው፣ ሰው ወንበር በቀየረ ቁጥር ሜኑው የት ነው እያለ ይጣራል፤ እሷ ታማ የቀረች ጊዜማ ማሽኗን የሚደፍር ጠፍቶ ፕሮግራሙ ሳይታተም ቀረ። ይህ ሐቅ ነው፤ ሐቅ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም ስትለው የመለሰው መልስ ነው ጉዱ።

“ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ጸልየንበታል እኮ። እርስዎም አሜን ብለዋል።”

ትዝ አላት። በጾም ጸሎቱ መጨረሻ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ ልብ ስጠን፣ ማሽኖቻችንንም አንድ መልክ አድርግልን ብሎ ሚልኬሳ ጸልዮ ነበር። እሷም እንደ ሰዉ ሁሉ ዓይኗን ጨፍና አሜን አለች። እዚህ ቢሮ በጸሎት የተነሳ ሐሳብ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል፤ ጸሎት አቋርጦ ቆይ እስቲ የሚል ደግሞ ከየት ይመጣል? ተንኮለኛ።

“አይጨነቁ፣ እህት ጥሩዬ። እርስዎ እየነገሯት ጸሐፊዋ ጸጋ ትጽፍልዎታለች።”

አንጀቷን ያሳረራት ይሄ ነው። የራሷን ሥራ እንደ ሕፃን አፍ አፏን ሊያጎርሷት።

“የታመመው ዓይኔ ነው፤ እጄ አልተቆረጠም። ክፈተው።”

ድምፅዋን ከፍ ስላላደረገች ይሆናል የፈራት። የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከፈተላት። እሷ ጥቁሩን መደብ ስትመልስ፣ እሱ ይህ ለዛሬ ብቻ እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እስኪወስኑ መታገሥ እንዳለባት ያስረዳት ጀመር። እሱ ስለ ሽማግሌዎቹ ሲያወራ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየረችው።

“ሽማግሌዎቹ ማሽኑን ሲፈልጉ” አለችው፣ “መጥተው እኔን ይጠይቁኝ።”

ወንበሯን ሳበችና መዝሙሩን መጻፍ ጀመረች።