ከነቅጥያው የተሸጠ ዳቦ ቤት

በእኛ ሸለቆ መንገድ ላይ «ጆንስ!» ብሎ መጣራት ከንቱ ነው፤ መንገደኛው በሙሉ ይዞራል።

ድሮ የዌልስ ሰው በአባቱና በአያቱ ስም ነበር የሚጠራው። ኋላ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች መጡና የቤተሰብ ስም አንድ ሆኖ ይጽና አሉ። የአብዛኛው ሰው አባት ዮሐንስ ነበርና የዮሐንስ ልጆች ሁሉ ጆንስ ሆነን ቀረን። ስለዚህ ቅጥያ እንሰጣጣለን። ወተት የሚያመላልሰው ጆንስ ወተት፣ ሬሳ ሳጥን የሚሠራው ጆንስ ሳጥን ይባላሉ። እኔ የቤት ክዳን ስለምጠግን ጆንስ ጣሪያ ነኝ። ቅጥያን መንደሩ ይሰጥሃል እንጂ ራስህ አትመርጠውም።

ጎረቤቴ ኤምሪስ ዕድሜውን ሙሉ ጆንስ ዳቦ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ዳቦ ቤቱን ኒያ ለምትባል ወጣት ሸጠ። እሷም ጆንስ ናት። ብዙም ሳይቆይ ጆንስ ዳቦ እሷ ሆነች።

«ምድጃውን እንጂ ስሜን መቼ ሸጥኩ?» አለኝ አጥሩን ተደግፎ።

«ከነሙሉ ዕቃው አይደል እንዴ የሸጥከው?»

«አትቀልድ ግዊሊም። አሁን እኔ የትኛው ጆንስ ነኝ?»

«ሥራ ፈቱ።»

ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከንክኖታል። ጆንስ ዜማ እንድንለው ብሎ ጸሎት ቤት ከመዘምራኑ ሁሉ በላይ መጮህ ጀመረ። ድምፁን የሰማን ሁሉ አንገታችንን ደፋን።

እንዲህ እንዳለ አንድ ቀን ፖስተኛው «ኤምሪስ ጆንስ አረፈ» ብሎ መጣ።

«የትኛው?» አልኩት።

«ሥራ ያቆመው ሽማግሌ ነው አሉ።»

ሌላ ማን ይሆናል? ጥቁር ክራባቴን አስሬ፣ ሚስቴ የጋገረችውን ኬክ ይዤ ሮጥኩ። ኒያ የዘቢብ ዳቦ አቅፋ እያለቀሰች ከኋላዬ ደረሰች። በሩን የከፈተልን ራሱ ኤምሪስ ነው፣ በነጠላ ጫማ።

«ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

«አንተ» አልኩት።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እኔ ሳልሰማ?» አለች ሚስቱ ማርጌድ ከጓዳ።

ያዳነን ጆንስ ሳጥን ነው። ከታችኛው መንደር ሲመለስ ግርግሩን አይቶ ቆመ። ለካ የሞተው የዚያ መንደር ኤምሪስ ጆንስ ኖሯል፤ ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጣ ዘመን ስላለፈው ቅጥያው እንኳ የተረሳ፣ ዘጠናን የዘለለ ሰው።

ኤምሪስ ለሞክሼው ክብር ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍሱን ይማር» አለ ቀጥሎ። «ያመጣችሁትን ግን አትመልሱም።»

የኒያን የዘቢብ ዳቦ ቆርሶ ቀመሰ። «ዘቢብ አብዝተሻል» አላትና ሁለተኛውን ቆረሰ። እሷ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «እርስዎ ብቻ ይኑሩልኝ እንጂ እቀንሳለሁ!»

እሑድ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጆንስ ሳጥን አግዳሚው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ «ጆንስ ትንሣኤ፣ እስቲ ጠጋ በልልኝ» አለ።

ኤምሪስ ጠጋ አለ። ከዚያ መስማቴን ለማረጋገጥ ዞር ብሎ አየኝ። የዚያን ዕለት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የዘመረው።

ወደ ቤት ስንመለስ «ትንሣኤ ለእኔ ትንሽ አልከበደም?» አለኝ።

«ከከበደህ ይቀየርልህ።»

«ምን አጣደፈህ!» አለና ርምጃውን ፈጠን አደረገ።