የሐዘን ቁጥር

ዶክተር ብራምዌል ከሜልቦርን ተነስቶ ደሴት ላይ ያለችው ናሳውሬ መንደር የደረሰው አውሎ ነፋሱ ግማሹን ቤት ጠራርጎ በወሰደ በወሩ ነበር። «ሐዘንዎ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ነው?» እያለ ቤት ለቤት ሲዞር የምታስተረጉምለት ሎሳና ነበረች፤ ዋና ከተማው ሱቫ ሄዳ ስታቲስቲክስ የተማረች የመንደሩ ልጅ። በመጀመሪያው ሳምንት ናቀችው። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ ላይ ስለወጣ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ እያለቀሰ ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሳም።

እማማ ሜሬኦኒ አንድ ልጃቸውን ባሕር ወስዶባቸዋል። በመጀመሪያው ዙር «ሦስት» አሉ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲጠይቃቸው «አንድ» አሉ።

«እማማ፣ የእውነትዎን ነው?» አለች ሎሳና።

«አንድ በይው ልጄ። አምስት ካልኩት ነገም ይመጣል።»

ሎሳና የተባለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀና «አንድ» ብሎ ጻፈ።

ሪፖርቱ ሲያልቅ አነበበችው። የመንደሩ ሐዘን በሁለት ሦስተኛ ቀንሷል፤ በሳምንት ሁለቴ የምትመጣው የምክር ባለሙያ ከእንግዲህ አታስፈልግም ይላል።

«ዶክተር፣ እነዚህ ቁጥሮች ደረጃ ናቸው እንጂ መጠን አይደሉም» አለችው። «በሩጫ ሦስተኛ የወጣ ሰው ከአንደኛው ሦስት እጥፍ ዘገየ ይባላል? ሐዘን በኪሎ ይመዘናል እንዴ?»

«አንቺ አስተርጓሚ ነሽ ሎሳና። ስሌቱን ለኔ ተይው።»

«ስሌት ቢሆንማ መች ከፋኝ!»

በማግስቱ የመንደሩ ሰዎችና የጤና ቢሮ ኃላፊዋ ባሉበት ስብሰባ ላይ ዶክተሩ ውጤቱን ደረቱን ነፍቶ አቀረበ። ሎሳና ቃል በቃል ተረጎመችው።

እማማ ሜሬኦኒ ከተቀመጡበት ምንጣፍ ሳይነሱ ተናገሩ። «ልጄ አንድ ነበር። ሁለት ሦስተኛው ተመለሰልሽ ነው የሚለኝ? የቱ ጎኑ እንደመጣ ጠይቂልኝ።»

ሎሳና ይህንንም ተረጎመች። ዶክተሩ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ፤ መልሱ እዚያ ያለ ይመስል።

«እንዲያው ለዚህ ስንት ዓመት ተማረ?» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ኃላፊዋ ሪፖርቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ባለሙያዋ ትቀጥላለች» አለች።

ጀልባው ጋ ሲሰነባበቱ ዶክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለማንኛውም ስምሽን ከጥናቱ አዘጋጆች ጋር አስገባዋለሁ።»

«አውጣው» አለችው። «እናቴ ታነበው ይሆናል።»

ጥናቱ ሜልቦርን ውስጥ ታተመ። ለሎሳናም አንድ ቅጂ በፖስታ መጣላት፤ ፖስታውን አልከፈተችውም።